የተጣላ ሽማግሌ፦ ከተቃራኒ ፓርቲ የሚመጣ ድጋፍ ስንት ድምፅ ያመጣል?

ኖቬምበር 20 ቀን 2025 ዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ውስጥ የጆርጅ ቡሽ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት የሪፐብሊካኑ የዲክ ቼኒ ሽኝት ነበር። (እዚህ ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እኛ ለቅሶ ቤት ገብተን ጥግ እንደያዝን ዓይናችን የሚሄደው ማን መጣ፣ ማን ቀረ ወደሚለው ነው። እኔም ሽኝቱን በቴሌቪዥን ያየሁት በዚሁ ዓይን ነው። ጆርጅ ቡሽ መጥተዋል። ጆ ባይደን መጥተዋል። ካማላ ሃሪስና ማይክ ፔንስም ነበሩ። በ2000 ምርጫ በቡሽና በቼኒ የተሸነፉት አል ጎር ሳይቀሩ ተገኝተዋል። የቀሩት የሟቹ የገዛ ፓርቲ መሪ ናቸው። ዶናልድ ትራምፕም ምክትላቸው ጄዲ ቫንስም አልነበሩም። አልተጠሩም ነው የተባለው።

ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው የቼኒን የድሮ ስም ለሚያስታውስ ሰው ነው። በኢራቅ ጦርነት ዘመን ለብዙ ዴሞክራት ከቡሽም የባሰ ክፉ ሰው ቼኒ ነበሩ። ያኔ ስማቸው ዴሞክራቶች በተሰበሰቡበት ሲነሳ በጩኸት ነበር የሚሸኘው። ከሃያ ዓመት በኋላ ዴሞክራቶቹ ጥቁር ለብሰው ሊሸኟቸው መጡ። የገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ደግሞ ቀሩ።

ይህን ሁሉ ያገለባበጠው የ2024 ምርጫ ነው። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 4 ሴት ልጃቸው፣ የዋዮሚንግ የቀድሞ የምክር ቤት አባል ሊዝ ቼኒ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ቆመው ለዴሞክራቶች ዕጩ ለሃሪስ ድምፃቸውን እንደሚሰጡ ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ አባትየው ተከተሉ። በአገሪቱ የ248 ዓመት ታሪክ እንደ ትራምፕ ለሪፐብሊኩ አደጋ የሆነ ሰው የለም የሚል መግለጫ አወጡ። ከዚያ በፊት በዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ የቀድሞው ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል አዳም ኪንዚንገር ተናግረው ነበር። የጆርጂያው የቀድሞ ምክትል ገዥ ጄፍ ደንከንም እንዲሁ። የቡሽ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አልቤርቶ ጎንዛሌስ ተጨመሩ። በመጨረሻ የካሊፎርኒያው የቀድሞ ሪፐብሊካን ገዥ አርኖልድ ሽዋዘኔገርም መጡ። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ዴሞክራቶች ደስ አላቸው፤ ጋዜጦች ጻፉ። የትራምፕ ወገን ግን ሳቀ።

ለምን ሳቀ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኦክቶበር 3 ቀን ሃሪስና ሊዝ ቼኒ ዊስኮንሲን ውስጥ ሪፐን የምትባል ትንሽ ከተማ አብረው መድረክ ላይ ወጡ። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። በ1854 ባርነት እንዳይስፋፋ የፈለጉ ሰዎች ተሰብስበው አዲስ ፓርቲ እናቋቁም ያሉት እዚያች ከተማ፣ አንዲት ነጭ የእንጨት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሪፐብሊካን ፓርቲ ተወለደ የሚባለው እዚያ ነው። ሊዝ ቼኒ መድረኩ ላይ ቆመው «ዶናልድ ትራምፕ ፊታቸውን በስፕሬይ ማቅላት ሳይጀምሩ እኔ ሪፐብሊካን ነበርኩ» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ «ሊዝ እናመሰግናለን» እያለ ጮኸ።

ጥሩ ንግግር ነበር። ግን ያጨበጨበው ማን ነው? አብዛኛው ለሃሪስ የመጣ፣ ያለ ቼኒም ሃሪስን የሚመርጥ ሰው ነው። ንግግሩ የታሰበለት ሪፐብሊካን ቤቱ ቁጭ ብሏል።

እኛ አገር ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ አመራረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የልጅቷ አባት እምቢ ሊለው የማይችል ሰው ይፈለጋል። የንስሐ አባት ይሆናል። በክፉ ቀን የደረሰ ጎረቤት ይሆናል። በድንበር ከአባትየው ጋር የሚካሰስ ሰው ግን፣ ምንም ቢከበር፣ ምንም አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ለዚህ አይላክም። ደጁን ሲረግጥ ውሻ ነው የሚለቀቅበት።

ሊዝ ቼኒ በድንበር የሚካሰሰው ሽማግሌ ነበሩ። በ2020 ዋዮሚንግ ላይ ወደ 69 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ነበር ያሸነፉት። ከዚያ የትራምፕ ደጋፊዎች የምክር ቤቱን ሕንፃ የወረሩበት ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 መጣ። ትራምፕ እንዲከሰሱ ድምፅ ሰጡ። በ2021 ሜይ ላይ ፓርቲያቸው በምክር ቤት ከያዙት የአመራር ቦታ አነሳቸው። በዚያው ዓመት የዋዮሚንግ ሪፐብሊካን ፓርቲ ከእንግዲህ እንደ አባል አናውቃቸውም አለ። በ2022 ኦገስት የገዛ ፓርቲያቸው ማጣሪያ ላይ 29 በመቶ ገደማ አግኝተው በ66 በመቶ ተሸነፉ። በሁለት ዓመት ውስጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው «ወደ ሪፐብሊካኖች ሂጂልን» ተብለው የተላኩት።

ድፍረታቸውን አላናንቅም። ሥልጣናቸውን አጥተውበታል፤ ይህን የሚያደርግ ፖለቲከኛ ብዙ አላየሁም። ድፍረት አንድ ነገር ነው፣ ድምፅ ማምጣት ሌላ ነገር ነው። መራጮች ከጣቢያ ሲወጡ በተሰበሰበው መጠይቅ መሠረት በ2020 ሪፐብሊካን ነን ካሉት 6 በመቶው ለባይደን መርጠው ነበር። በ2024፣ ያ ሁሉ ስም ተጠርቶ፣ ለሃሪስ የመረጡት 5 በመቶ ናቸው። ኦክቶበር 21 ሃሪስና ቼኒ በአንድ ቀን ሦስት ግዛት አዳረሱ። የዊስኮንሲኑ መድረክ የነበረው ሪፐብሊካን የሚበዛባት የዋኪሻ አውራጃ ውስጥ ነው። ውጤቱ ሲመጣ አውራጃዋ ካለፈው ምርጫ ንቅንቅ ያለች አትመስልም።

የሃሪስ ሰዎች ጅሎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ስሌታቸው የሚያሳምን ነበር። ኒኪ ሄሊ በማርች 2024 ከሪፐብሊካን ውድድር ወጥተዋል። ሆኖም ኤፕሪል ላይ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሪፐብሊካን ሄዶ ውድድሩን ለተወ ሰው ድምፅ ሰጠ። ባይደን በ2020 ፔንሲልቬኒያን ያሸነፉት በ80 ሺህ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያየ የምርጫ አማካሪ ምራቁን ቢውጥ አይፈረድበትም። እነዚህ ሰዎች ትራምፕን አይወዱም፤ ዴሞክራት መምረጥ ግን ያሳፍራቸዋል፤ ስለዚህ አንድ የራሳቸው ሰው «አይዟችሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ» ይበላቸው። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ችግሩ ለዚያ ቤት ትክክለኛዋ ሽማግሌ ራሳቸው ሄሊ መሆናቸው ነው። እርሳቸው ደግሞ ጁላይ ላይ ሚልዋኪ፣ የሪፐብሊካኖች ጉባኤ ላይ ሄደው፣ ከትራምፕ ጋር በሁሉም አልስማማም ግን እመርጣቸዋለሁ ብለው ጨርሰዋል። ቀድሞ የወሰዳቸው ሌላው ወገን ነው።

ይህ ስህተት አዲስም አይደለም። በ2020 የኦሃዮ የቀድሞ ገዥ ጆን ኬሲክ በዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ በቪዲዮ ቀረቡ። ሜዳ ላይ፣ የጠጠር መንገድ መስቀለኛ ላይ ቆመዋል። አሜሪካ መስቀለኛ መንገድ ላይ ናት ለማለት ነው። (ነገሩን እንዳንስተው መስቀለኛ መንገድ ድረስ መሄድ ነበረባቸው።) ኬሲክ በኦሃዮ ሁለት ጊዜ ገዥ ሆነው የተመረጡ፣ በ2016 የፓርቲያቸውን ማጣሪያ እዚያው ትራምፕን አሸንፈው የወሰዱ ሰው ናቸው። ውጤቱስ? ትራምፕ ኦሃዮን በ2016 በ8 ነጥብ አሸነፉ። በ2020ም በ8 ነጥብ አሸነፉ።

በዚያው ዓመት ግን አሪዞና ላይ ሌላ ነገር ነበር። የሴናተር ጆን ማኬይን ባለቤት ሲንዲ ማኬይን ለባይደን ድጋፋቸውን ሰጡ። ባይደን አሪዞናን በ10,457 ድምፅ አሸነፉ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ በርሳቸው ምክንያት እንደመጣ መቁጠር አይቻልም። ቢሆንም ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ አንድ ሰፈር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይበቃል። የማኬይን ስም ደግሞ በዚያን ጊዜ ሰው አሪዞና ውስጥ ገና የሚሰማው ስም ነበር።

አሁን ወደ ማዶ እንሻገር። ለእኔ የ2024ን ነገር በደንብ የሚያስረዳው የቼኒ ሳይሆን የኬኔዲ ታሪክ ነው።

ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በ2023 የጀመሩት ዴሞክራት ሆነው ነው። በመንገድ ላይ ፓርቲውን ትተው በግል ተወዳደሩ። ኦገስት 23 ቀን 2024 ፊኒክስ ውስጥ መግለጫ ሰጥተው ውድድሩን ማቆማቸውንና ትራምፕን እንደሚደግፉ ተናገሩ። በዚያው ዕለት ምሽት ግሌንዴል ላይ ከትራምፕ ጋር መድረክ ወጡ። ርችቱ ከኋላቸው ተተኮሰ። አባታቸው ሮበርት ኬኔዲ በ1968 የዴሞክራት ዕጩ ለመሆን ሲወዳደሩ የተገደሉ ሰው ናቸው። አጎታቸውን ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲን ማንሳት አያስፈልግም። አምስት እህትና ወንድሞቻቸው መግለጫ አወጡ። የወንድማችን ውሳኔ አባታችንና ቤተሰባችን የሚወዱትን ሁሉ መክዳት ነው አሉ፤ የአሳዛኝ ታሪክ አሳዛኝ ፍጻሜ ነው ሲሉ ደመደሙ። የቤተሰብ ጉድ አደባባይ ሲወጣ እዚህም እዚያም ያው ነው።

ግን ልብ በሉ፦ ኬኔዲም ከቤት የተጣሉ ሽማግሌ ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ኬኔዲ የተላኩት ወደተጣሉት ቤት አይደለም። ወደ ዴሞክራቶች ተመልሰው «ኑ» አላሉም። ይዘው የመጡት ቀድሞውኑ የማንም ቤት ያልሆነውን ሰው ነው። ክትባት የሚጠራጠረውን፣ የልጆች ምግብ ውስጥ ስላለው ቀለም የሚጨነቀውን፣ ቀኑን ሙሉ ፖድካስት የሚሰማውን ወጣት። ይህ ሰው ብዙ አልነበረም። በአስተያየት መጠይቆች ላይ በነጠላ አሃዝ ነው። ግን የኬኔዲ ነበር፤ እሳቸው ሲነሱ አብሯቸው የሚነሳ ነበር። በሰባቱ ወሳኝ ግዛቶች ለሚዋጋ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያም በላይ ራሳቸው ተወዳዳሪ ስለነበሩ መውጣታቸው ብቻውን ዋጋ ነበረው። ይህም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳካም፤ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን ስማቸውን ከድምፅ መስጫው አላወጡላቸውም።

ዋጋው ደግሞ ተከፈለ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025 ኬኔዲ በ52 ለ48 ድምፅ የጤና ሚኒስትር ሆኑ። ከሪፐብሊካን እምቢ ያሉት ሚች ማኮኔል ብቻ ናቸው፤ በልጅነታቸው ፖሊዮ የያዛቸው ሰው። ከአንድ ቀን በፊት የቀድሞዋ ዴሞክራት ተልሲ ጋባርድ በዚያው 52 ለ48 የስለላ ተቋማት የበላይ ሆነው ጸድቀዋል። ሊዝ ቼኒ በጃንዋሪ ከባይደን ኒሻን ተሸለሙ። አንደኛው ወገን ሹመት፣ ሌላኛው ኒሻን። እኔ ይህን ንግድ አላደንቀውም። ግን ማን ምን ይዞ እንደመጣ ሁለቱም ወገን በትክክል አውቆታል።

የተጣላ ሽማግሌ ሌላም ጣጣ አለው። ባዶ እጁን መመለሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ላኪውንም ቤት ያውካል። ሚሺጋን ውስጥ ዲርቦርን የምትባል ብዙ ዓረብ አሜሪካውያን የሚኖሩባት ከተማ አለች። በ2020 ከመራጯ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የባይደን ነበር። በ2024 ሕዝቡ ስለ ጋዛ አዝኗል፣ ተቆጥቷል። በዚህ ላይ ሃሪስ ሚሺጋን ድረስ ይዘዋቸው የመጡት ሰው ስማቸው ቼኒ ነው። የኢራቅ ጦርነት ቼኒ። ትራምፕ ይህን ስጦታ አላባከኑትም፤ ጦርነት ናፋቂዋን ይዛ ትዞራለች እያሉ ደጋገሙት። እዚያው አጠገብ ያለችው የሃምትራምክ ሙስሊም ከንቲባ አስቀድመው ለትራምፕ ድጋፋቸውን ሰጥተው ነበር። ኖቬምበር ላይ ዲርቦርን ውስጥ ትራምፕ 42 በመቶ፣ ሃሪስ 36 በመቶ አገኙ፤ 18 በመቶው ወደ ግሪን ፓርቲዋ ዕጩ ጂል ስታይን ሄደ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ቼኒ ናቸው አልልም፤ ጋዛ ነው። ግን እሳት ላይ ጭድ ተጨመረበት።

ሽማግሌው ቤቱን ሲይዝ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ወደ ኒውዮርክ ማየት ነው። የከንቲባ ምርጫ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ኖቬምበር 3 ቀን 2025፣ በምርጫው ዋዜማ፣ ትራምፕ ዕድሜ ልካቸውን ዴሞክራት ለነበሩት፣ ያኔ ግን በግል ለሚወዳደሩት አንድሩ ኩሞ ድምፅ ስጡ አሉ። የራሳቸው ፓርቲ ዕጩ ከርቲስ ስሊዋ ቆመው እያዩ ነው። ስሊዋ ከአራት ዓመት በፊት 28 በመቶ ገደማ ነበራቸው። አሁን 7 በመቶ ላይ ወረዱ። ቀድሞም እየወረዱ ነበር፤ ሁሉም በትራምፕ ቃል አልሆነም። ቢሆንም ሪፐብሊካኑ መሪውን ሰምቶ ለዴሞክራት ሲመርጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ዞህራን ማምዳኒ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ እንጂ፣ ሽማግሌውስ ሰዉን ይዞ መጥቶ ነበር።

የእኛ ሰውም በዚህ ጨዋታ ውስጥ አልፏል። ይህን ያለፍኩ እንደሆነ ቨርጂኒያ ያላችሁ ትታዘቡኛላችሁ።

ኦክቶበር 2020፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲያወሩ ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል አሉ። ያን ቀን የብዙ ሰው ድምፅ ተቆረጠ፦ ለባይደን። ከዚያ በትግራይ ጦርነት ተነሳ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ባይደን ማዕቀብ የሚያስጥል ትእዛዝ ፈረሙ። አሁን ደግሞ ቁጣው ወደ ባይደን ዞረ። ሁሉም አልተቆጣም፤ ቤተሰቡ በከበባ ውስጥ ያለበት የትግራይ ሰው እርምጃውን ደግፎ ነጩ ቤት ፊት ቆሟል። አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ሆኖ መቀመጥ የመጣው ያኔ ነው።

የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ነበር። የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድጋፍ ሰጠ። ስንት ዘመን ዴሞክራት ብቻ ሲመርጥ የኖረ ሰው በዴሞክራቱ ዕጩ በቴሪ ማካውሊፍ ላይ ተነሳ። በዚያው ዕለት፣ ሰው ድምፅ እየሰጠ ሳለ፣ ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል) እንደሚያስወጡ አስታወቁ። ያንግኪን በ63 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ። በማግስቱ «እኛ ነን የጣልናቸው» የሚል መልእክት ስልኬን ሞላው። ልብ ያሞቃል። ግን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ፌርፋክስ አውራጃ ያኔም ወደ 65 በመቶው የማካውሊፍ ነበር። የትምህርት ቤት ጉዳይ፣ የኮሮና ድካም፣ የባይደን ተወዳጅነት መውረድ፤ ብዙ ነገር ነው ያንን ምርጫ የወሰነው። የእኛ ሰው የራሱን ጠጠር ጥሏል። ጠጠሩ ስንት እንደመዘነ የሚለካ ሚዛን የለም።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የማውቃቸው ጋሼ አሉ፤ ታክሲ ነድተው ልጆች ያሳደጉ። ዜግነት ካገኙ ጀምሮ ከዴሞክራት ውጭ መርጠው አያውቁም። በዚያ ኦክቶበር ቤታቸው ስሄድ ግቢያቸው ሣር ላይ የያንግኪን ምልክት ተተክሏል። ሦስት እርምጃ አለፍ ብሎ የማካውሊፍ ምልክት። ሁለተኛው የሴት ልጃቸው ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ነርስ ናት። ቡና እየተጠጣ ተያያዙ።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬኮ ገዥ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ምን ሥልጣን አለው?»

«ምንም የለውም።»

«ታዲያ?»

«ባይደን ደጅ ሄጄ ብጮህ አይሰማኝም። ይሄን ግን ይቆጥሩታል፤ ቁጥር ይወዳሉ።»

እሷ አልተዋጠላትም። እኔም ያኔ አልተዋጠልኝም፤ አሁን ሳስበው ግን ስለ ምርጫ ድጋፍ (ኢንዶርስመንት) ከሰማሁት ትንታኔ ሁሉ ግልጹ ይህ ነው። ጋሼ ያንግኪንን አልደገፉም። ባይደንን ነው የቀጡት። ቅጣቱ ደርሷል አልደረሰም ሌላ ነገር ነው፤ አጎዋው እንደተባለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ተቋረጠ።

በ2024 ወዴት እንደሆኑ ጠይቄያቸው ነበር። «ድምፅ ሚስጥር ነው ይባል የለ እንዴ?» አሉኝና ሳቁ። ያን ጊዜ ምልክት አልተከሉም። ባለፈው በጋ ከጓሯቸው ቃሪያ ልቀጥፍ ወጣሁ። ተክሎቹን ደግፎ የያዛቸውን ሽቦ አየሁት፤ ያ የምርጫ ምልክት የሚሰካበት ቀጭን ባለ ሁለት እግር ሽቦ ነው። ሁለት ነው ያለው። የትኛው የማን እንደነበር ብጠይቃቸው ራሳቸውም አላስታወሱትም።